የሮማን የብር ዲናር እንዴት እናንብብ? ከሚዛኑ እስከ ምስሉ

«ይህ ሳንቲም የማን ነው? እውነተኛ ነው?» የሚለው ጥያቄ ከደበዘዘ ፎቶ ጋር በየጊዜው ይደርሰኛል። አንዳንዱ ሳንቲም ከኢየሩሳሌም ገበያ የተገዛ ነው። አንዳንዱ ከሮም በስጦታ የመጣ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ከቤተሰብ ሣጥን የወጣ ነው። መልሱ ሁሌም አንድ ዓይነት ሥራ ስለሚጠይቅ፣ ራሳችሁ እንድትሠሩት ደረጃ በደረጃ ጻፍኩት።

መመሪያው የሚመለከተው በላቲን ፊደል የተጻፈበትን የሮማ የብር ሳንቲም ነው። እሱም ከ211 ዓመተ ዓለም ገደማ ጀምሮ የተመታው ዲናርና በ215 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ካራካላ ያስጀመረው ትልቁ ሳንቲም ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ብዙ ሰው ፊቱን ብቻ አይቶ «ኔሮን ነው»፣ «ቄሣር ነው» ይላል። ፊት ያሳስታል። ሳንቲሙን የሚያናግሩት ሚዛኑ፣ ፊደሉ፣ ከጀርባው ያለው ምስል በእጁ የያዘው ዕቃ ናቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን (ወርቅ ቤቶች የሚጠቀሙበት ዓይነት)
- አሥር እጥፍ የሚያጎላ ማጉያ መነጽር
- ማስመሪያ፣ ከተገኘ ካሊፐር (ስፋት ቆንጥጦ የሚለካ መሣሪያ)
- አንገቱ የሚታጠፍ የጠረጴዛ መብራት
- ለስላሳ ፎጣ፣ ወረቀትና እርሳስ
- ትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ፣ ንጹሕ ውሃና ቀጭን ክር
- ትንሽ ማግኔት
- ካሜራው ደህና የሆነ ስልክ

ማስጠንቀቂያ፦ አታጽዱት!

ሳንቲሙን በሎሚ፣ በአመድ፣ በጥርስ ሳሙናም ሆነ በቤኪንግ ፓውደር እንዳትነኩት። የእናታችንን የብር መስቀል እንደምናነጣው አይደለም። የጥንት ብር ላይ ያለው ጥቁረት የዕድሜው ቆዳ ነው። ሲፈተግ ከቆዳው ጋር የፊደሉ ጠርዝና የፀጉሩ መስመር አብሮ ይሄዳል። ዋጋውም ወዲያው ይወርዳል፣ የሚመልሰውም ነገር የለም። በዚያ ላይ አንዳንድ የጥንት ብር ከውስጥ እንደ ብስኩት ተሰባሪ ሆኗል። ወለል ላይ ቢወድቅ ለሁለት ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ ሥራውን ሁሉ ፎጣ በተነጠፈበት ጠረጴዛ ላይ ሥሩ።

ደረጃ 1፦ በጠርዙ ያዙት፣ መብራቱን ከላይ በጎን አድርጉ

በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ጠርዙን ብቻ ያዙ። የእጅ ላብ ብር ላይ ምልክት ይተዋል።

መብራቱን ከሳንቲሙ አናት በስተግራ፣ ዝቅ አድርጋችሁ አብሩ። ብርሃኑ በሰያፍ ሲወርድ የተፋቀ ፊደል እንኳ ጥላ ያወጣል። ከታች በኩል ካበራችሁ ግን ዓይናችሁ ይታለላል፤ ወደ ላይ የወጣው ምስል የጎደጎደ ይመስላችኋል። ፎቶ የሚበላሸው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው። የስልኩን ፍላሽ አጥፉት።

ደረጃ 2፦ መዝኑ፣ ስፋቱንም ለኩ

ዲናር ትንሽ ነው። ስፋቱ ብዙውን ጊዜ ከ17 እስከ 20 ሚሊሜትር ነው። ጠገራ ብር ለሚያውቅ ሰው፣ የአንድ ጠገራ ክብደት (28 ግራም) ስምንት ያህል ዲናር ይወጣዋል። መዳፍ የሚሞላ «የሮማ ዲናር» ይዛችሁ ከሆነ ሌላ ነገር ነው የያዛችሁት።

ክብደቱ ዘመኑን ይጠቁማል፦

- መጀመሪያ የተመቱት 4.5 ግራም ገደማ
- በኋለኛው የሪፐብሊክ ዘመን (ሮማ ንጉሠ ነገሥት ሳይኖራት) እና በመጀመሪያው ንጉሠ ነገሥት በአውግስጦስ ጊዜ ከ3.7 እስከ 3.9 ግራም
- ኔሮን በ64 ዓ.ም. ከቀነሰው በኋላ ከ3.2 እስከ 3.5 ግራም
- የካራካላ ትልቁ ሳንቲም 5 ግራም ገደማ፣ በኋላ እየቀለለ የሄደ

ያረጀ ወይም ጠርዙ የተቆረጠ ሳንቲም ከዚህ ትንሽ ሊያንስ ይችላል። 2.4 ግራም የሚመዝን የአውግስጦስ ዲናር ካጋጠማችሁ ግን ወደ ደረጃ 7 ስትደርሱ በደንብ መርምሩት።

ደረጃ 3፦ በእርግጥ የሮማ ነው?

ፊደሉን እዩ። ላቲን ከሆነ ቀጥሉ። ግሪክ ወይም ግዕዝ ከሆነ እዚህ ላይ ቁሙ።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። የአክሱም ነገሥታትም በ3ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ የብር ሳንቲም አሳትመዋል፤ ሰዎች ከሮማ ጋር ይቀላቅሉታል። የአክሱሙ ላይ ጽሑፉ ግሪክኛ ወይም ግዕዝ ነው። ንጉሡ ራሱን በሻሽ መሰል ነገር አስሯል ወይም ዘውድ ደፍቷል። ከራሱ በላይ ክብና ጨረቃ፣ ከክርስትና በኋላ ደግሞ መስቀል ይታያል። የአክሱም ሳንቲም ከሆነ ስለ ሕጉ የጻፍኩትን መጨረሻ ላይ ሳታነቡ ምንም አታድርጉ።

በሮማ ግዛት ሥር የነበሩ የምሥራቅ ከተሞችም በግሪክኛ የብር ሳንቲም መትተዋል። እነሱ ሌላ መመሪያ ይፈልጋሉ።

ደረጃ 4፦ ከፊቱ በፊት አናቱን እዩ

ሰውየው ማን እንደሆነ ገና አትገምቱ። መጀመሪያ ራሱ ላይ ምን እንዳለ እዩ።

የሎረል ቅጠል አክሊል ያሰረ ንጉሠ ነገሥት ብዙውን ጊዜ ዲናር ላይ ነው። እንደ ፀሐይ ጨረር የሾሉ ጫፎች ያሉት አክሊል ከሆነ የካራካላ ትልቁ ሳንቲም ዓይነት ነው። በዚሁ ትልቅ ሳንቲም ላይ ሴት ከሆነች ጨረሩ የለም፤ ከትከሻዋ ሥር ጨረቃ ታገኛላችሁ። ክንፍ ያለው የራስ ቁር የደፋች ሴት ካያችሁ፣ እሷ ሮማ ራሷ ናት፤ ሳንቲሙም የሪፐብሊክ ዘመን ነው ማለት ነው። ከኋላዋ የኤክስ ምልክት ካለ ዋጋውን ይነግራል፦ 10 አስ (አስ የመዳብ ሳንቲም ነው)። በ141 ዓመተ ዓለም ገደማ ዋጋው ወደ 16 ከፍ ብሏል።

ቀጥሎ ጢሙ ነው። ሙሉ ጢም አሳድጎ በሳንቲም ላይ የወጣው የመጀመሪያው ንጉሠ ነገሥት ሐድሪያን ነው (ከ117 እስከ 138)። ሙሉ ጢም ያለው ንጉሠ ነገሥት ይዛችሁ ከሆነ አውግስጦስን፣ ጢባርዮስን፣ ቬስፓስያንንና ትራጃንን ከዝርዝራችሁ አውጡ። ጢሙ ታች ላይ እንደ መንታ ከተከፈለ ሴፕቲሚየስ ሴቬረስን ጠርጥሩ።

ለሴቶች ፀጉራቸውን ተከተሉ። ትልቋ ፋውስቲና ሹሩባዋን አናቷ ላይ ጠቅልላለች። ልጇ ታናሿ ፋውስቲና ከማጅራቷ ትቋጥረዋለች። ጁሊያ ዶምና ደግሞ በወፍራም ሞገድ ጆሮዋን የሸፈነ ትልቅ ፀጉር አላት።

ደረጃ 5፦ ጽሑፉን አንብቡ

ሳንቲሙን እንደ ሰዓት ቁጠሩት። በንጉሠ ነገሥታቱ ዘመን ጽሑፉ አብዛኛውን ጊዜ የ7 ቁጥር ቦታ ላይ (ከታች በስተግራ) ይጀምርና በሰዓቱ አዟዟር ይሄዳል። ቃላቱ ተያይዘው ስለሚጻፉ ክፍተት አትጠብቁ። ቪ የሚመስለው ፊደል የዩን ሥራም ይሠራል።

የምታዩትን ፊደል ብቻ ጻፉ። የጠፋው ቦታ ላይ ነጥብ አድርጉ። «እንዲህ ሳይሆን አይቀርም» ብላችሁ መሙላት ከጀመራችሁ ቀሪው ሥራ ሁሉ ይበላሻል። ደጋግመው የሚመጡት አጽርኦቶች እነዚህ ናቸው፦

- አይ-ኤም-ፒ፦ ኢምፔራቶር፣ የሠራዊት አዛዥ
- ሲ-ኤ-ኢ-ኤስ፦ ቄሣር
- ኤ-ቪ-ጂ፦ አውግስጦስ። ይህ የማዕረግ ስም ነው፤ ሁሉም ንጉሠ ነገሥት ይጠራበታል
- ፒ-ኤም፦ የካህናት አለቃ
- ቲ-አር-ፒ፦ በየዓመቱ የሚታደስ የሕዝብ ጠበቃነት ሥልጣን
- ሲ-ኦ-ኤስ፦ ቆንስል፣ የሮማ ከፍተኛው ዓመታዊ ሹመት፤ አጠገቡ ያለው ቁጥር ስንተኛ ጊዜ እንደተሾመ ይነግራል
- ፒ-ፒ፦ የአገር አባት
- ዲ-አይ-ቪ ብሎ የሚጀምር፦ ከሞት በኋላ እንደ አምላክ የተቆጠረ ሰው፣ ወይም «የእሱ ልጅ»

ከእነዚህ ሁሉ ወርቁ ቲ-አር-ፒ ነው። አጠገቡ ቁጥር ካለ ዓመቱን ታወጣላችሁ። ለምሳሌ የሴፕቲሚየስ ሴቬረስ የመጀመሪያ ዓመት 193 ነው። ቁጥሩ 15 (ኤክስ-ቪ) ከሆነ 193 ላይ 14 ደምሩ፣ 207 ይመጣል። አሥራ ስምንት መቶ ዓመት ያለፈውን ሳንቲም በዓመቱ መለየት ማለት ይህ ነው።

በብዛት የሚገኝ የትራጃን ዲናር ወስደን እንሞክር። ፊቱ ላይ «ኢምፕ ትራያኖ አውግ ጌር ዳክ» ይላል፤ ፒ-ኤምና ቲ-አር-ፒ ይከተሉታል። ጌር ጀርመንን፣ ዳክ ዳኪያን (የዛሬዋን ሩማንያ አካባቢ) ድል የነሣ ማለት ነው። ጀርባው ላይ ሲ-ኦ-ኤስ ከቪ ጋር፣ ከዚያ ፒ-ፒ፣ ከዚያም «ኤስ-ፒ-ኪው-አር ኦፕቲሞ ፕሪንክ» አለ፦ የሮማ ምክር ቤትና ሕዝብ «ለምርጡ መሪ» ማለታቸው ነው። ትራጃን አምስተኛ ጊዜ ቆንስል የሆነው በ103 ነው፤ ስድስተኛው በ112። ስለዚህ ሳንቲሙ ከ103 እስከ 111 ባለው ጊዜ ተመትቷል። የሰውየውን መልክ ሳናይ እዚህ ደረስን።

በሪፐብሊክ ዘመን ሳንቲም ላይ ግን ይህ አይሠራም። ጽሑፉ ከራሱ ኋላ፣ ከፈረሶቹ ሥር፣ የትም ሊሆን ይችላል። እዚያ የምታገኙት ስም አብዛኛውን ጊዜ የገዢ ሳይሆን ሳንቲሙን ያስመታው ሹም ስም ነው።

ደረጃ 6፦ በእጇ ምን ይዛለች?

አሁን አዙሩት። ሮማውያን ሰላምን፣ ጤናን፣ ተስፋን በሴት አምሳል ነው የሚቀርጹት። ሴቶቹ ሁሉም ረጅም ቀሚስ ለብሰዋል፣ ብዙዎቹ ወደ ግራ ዞረዋል፣ ፊታቸውም አንድ ነው። የሚለያቸው የያዙት ዕቃ ብቻ ነው። ስለዚህ ቀኝ እጅ፣ ግራ እጅ፣ እግር ሥር፤ በዚህ ቅደም ተከተል እያያችሁ ጻፉ።

ሚዛንና የበረከት ቀንድ (ፍሬ የሞላበት ቀንድ) ከያዘች አይኩዊታስ ናት፣ ትክክለኛነት። ሞኔታም፣ የገንዘብ ጠባቂዋ፣ በትክክል ይህንኑ ነው የምትይዘው። ሁለቱን በምስል መለየት አይቻልም፤ ጽሑፉን ማየት ግድ ነው።

የወይራ ቅርንጫፍ ከያዘች ፓክስ ናት፣ ሰላም። የመርከብ መሪ ከያዘች ፎርቱና ናት፣ ዕድል። መሪው ታች ላይ ሰፋ ያለ ዱላ ስለሚመስል ብዙ ሰው በትረ መንግሥት ነው ይላል፤ ጫፉ መሬት ወይም ኳስ ላይ ማረፉን አረጋግጡ። ሁለት እባብ የተጠመጠመበት አጭር በትር ካለ ፌሊኪታስ ናት፣ የተሳካ ኑሮ። የስንዴ ዛላ ይዛ እግሯ ሥር ቁና ካለ አኖና ናት፣ የሮማ ከተማ የእህል አቅርቦት።

ሳሉስ፣ ጤና፣ የምታደክመው እሷ ናት። ከዝርግ ጽዋ እባብ ታበላለች። እባቡ ግን ከመሠዊያው ላይ የሚነሳ የፀጉር ያህል መስመር ነው፤ ባረጀ ሳንቲም ላይ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው። እባቡን አትፈልጉ፣ ትንሿን መሠዊያ ፈልጉ። ከዚያ መብራቱን ቀስ እያላችሁ አዙሩ፤ መስመሩ አንድ ጊዜ ብልጭ ይላል። ዝርግ ጽዋ ይዛ እባብም መሠዊያም ከሌለ ኮንኮርዲያን፣ ስምምነትን፣ አስቡ።

ስፔስ፣ ተስፋ፣ በጣም ትወደዳለች። በአንድ እጇ አበባ ከፍ አድርጋ ይዛለች፤ በሌላው የቀሚሷን ጫፍ ቆንጥጣ አንስታለች፣ ለመራመድ እንደተዘጋጀች። ያቺን የተነሳች ቀሚስ ካያችሁ ጽሑፍ አያስፈልጋችሁም።

ክንፍ ካላት ቪክቶሪያ ናት፣ ድል፤ የአበባ ጉንጉንና የዘንባባ ዝንጣፊ ትይዛለች። «መልአክ ነው» እያላችሁ የምትልኩልኝ እሷን ነው።

አማልክቱ ይቀላሉ። ዩፒተር መብረቅ ይይዛል፣ ንስርም ይኖረዋል። ሚኔርቫ የራስ ቁርና ጋሻ አላት። ዩኖ ጣዎስ አጠገቧ ይቆማል። ሄርኩለስ ዱላና የአንበሳ ቆዳ፣ አፖሎ በገና መሰል ክራር አላቸው። ሶል፣ ፀሐይ፣ ጨረር ደፍቶ አንድ እጁን ያነሳል።

አንዳንድ ምስል ደግሞ የአንድ ክስተት ማስታወቂያ ነው። ይሁዳን የወጋው ቬስፓስያን ያስመታውን ዲናር ውሰዱ። ሴት መሬት ላይ ተቀምጣ ራሷን በእጇ ደግፋ ታዝናለች። ከኋላዋ እንጨት ላይ የተሰቀለ የምርኮ የጦር ዕቃ ቆሟል። ከሥሯ «ዩዳያ» ተብሎ ተጽፏል። ሴትየዋ የተሸነፈችው ይሁዳ ናት። ትራጃን ዐረቢያን ወደ ግዛቱ ሲቀላቅል ደግሞ ግመል ያላትን ሴት አስመትቷል። ሐድሪያን የዞረባቸውን አገሮች፣ ግብፅንና አፍሪካን ጨምሮ፣ በሴት አምሳል አስቀርጿል፤ አፍሪካ የዝሆን ራስ ቆብ አድርጋለች።

ደረጃ 7፦ እውነተኛነቱን መርምሩ

አንድ ፈተና ብቻውን አይበቃም። በቅደም ተከተል አድርጓቸው።

ሀ. ማግኔት አስጠጉ። ብር አይሳብም። ከተሳበ ሐሰተኛ ነው። ካልተሳበ ግን ገና ምንም አልተረጋገጠም።

ለ. ጠርዙን በማጉያ ዙሩት። የሮማ ሳንቲም በመዶሻ የተመታ ነው፤ ጠርዙ ላይ ትናንሽ ስንጥቆች የተለመዱ ናቸው። ጠርዙን ዙሪያውን የሚከፍል መስመር ካለ ግን ቀልጦ በሁለት ሻጋታ መሐል የፈሰሰ ነው። ጠርዙ ላይ በሥርዓት የተቆረጡ ጥርሶች ካሉ አትደንግጡ፤ አንዳንድ የሪፐብሊክ ዲናሮች ሲሠሩም እንዲሁ ነበሩ።

ሐ. ባዶውን ሜዳ እዩ። ክብ ክብ ጥቃቅን የአየር ቀዳዳዎችና ሳሙና የነካው የሚመስል ድፍን ፊደል የቅልጥ ሥራ ምልክት ነው።

መ. አረንጓዴ ወይም ቀይ ነጠብጣብ ፈልጉ። ብሩ ተልጦ መዳብ ከታየ ሳንቲሙ የተለበጠ ነው። ይህ በጥንት ዘመንም የተለመደ ማጭበርበር ነበር። ስለዚህ የተለበጠ ሁሉ የአሁን ዘመን ሥራ አይደለም፤ ዋጋው ግን ይለያል።

ሠ. እፍጋቱን ለኩ። ኩባያው ውስጥ ውሃ አድርጋችሁ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ዜሮ አድርጉት። ሳንቲሙን በክር አስራችሁ ውሃው ውስጥ አንጠልጥሉ። ታችም ጎንም እንዳይነካ። ሚዛኑ የሚያሳየውን ጻፉ። ከዚያ የደረቁን ክብደት ለዚህ ቁጥር አካፍሉ። 3.40 ግራም የሚመዝን ሳንቲም ውሃ ውስጥ 0.33 ካሳየ 10.3 ይመጣል። ንጹሕ ብር 10.5፣ መዳብ 8.9 ነው። ትንሽ የአየር አረፋ ውጤቱን ስለሚያዛባ ሦስት ጊዜ ድገሙ። ከሴፕቲሚየስ ሴቬረስ ወዲህ ብሩ ግማሽ ያህሉ መዳብ ስለሆነ ቁጥሩ ዝቅ ቢል አይገርምም። ስንጥቅ ወይም የተቦረቦረ ሳንቲም ካላችሁ ይህን ፈተና ዝለሉት።

ሲጨርሱ ሳንቲሙን አትፈትጉት። ፎጣ ላይ አስቀምጡትና በራሱ ይድረቅ።

ደረጃ 8፦ አመሳክሩ

አሜሪካን ኑሚስማቲክ ሶሳይቲ ሁለት ነጻ የመረጃ ቋቶች አሉት፤ አንዱ ለሪፐብሊክ፣ ሌላው ለንጉሠ ነገሥታቱ ዘመን። የብሪቲሽ ሙዚየም ስብስብም በኢንተርኔት ይታያል። ገዢውን ምረጡ፣ ከዚያ የጻፋችሁትን ጽሑፍና ምስሉን እያስገባችሁ አጥቡት።

ፊትና ጀርባው ሁለቱም መግጠም አለባቸው። የአንዱ ንጉሥ ፊት ከሌላው ዘመን ጀርባ ጋር ከተጋባ ጠርጥሩ። በእጅ የተመቱ ሁለት ሳንቲሞች ቁጭ አንድ አይሆኑም። የእናንተ ሳንቲም ኢንተርኔት ላይ ካለ ሌላ ጋር እስከ ጭረቱ ድረስ ከገጠመ፣ ሁለቱም ከአንድ ሻጋታ ወጥተዋል።

ደረጃ 9፦ መዝግቡና አስቀምጡ

ክብደቱን፣ ስፋቱን፣ ያነበባችሁትን ጽሑፍ፣ ምስሉን፣ ከየት እንዳገኛችሁትና የግዢውን ደረሰኝ አብራችሁ አስቀምጡ። ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ሳንቲም ለመሸጥም ለማጥናትም ያስቸግራል። ማስቀመጫው ለስላሳ የፒቪሲ ላስቲክ እንዳይሆን፤ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር ያወጣል። አሲድ የሌለው የወረቀት ፖስታ ይሻላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው

«ይህ ጌታ ኢየሱስ ያየው ዲናር ነው» ተብሎ መግዛት። ለዚህ የሚሸጠው የጢባርዮስ ዲናር ነው፤ ጀርባው ላይ በትርና ቅርንጫፍ የያዘች ሴት ተቀምጣለች። ወንጌሉ ግን የቄሣር መልክና ጽሕፈት ያለበት ይላል እንጂ የየትኛው ቄሣር እንደሆነ አልጠቀሰም። ሳንቲሙን በጢባርዮስነቱ ግዙ፣ ለታሪኩ ተጨማሪ አትክፈሉ።

ሁለት ጩቤና መሐላቸው ቆብ ያለበትን የብሩቱስ ዲናር በርካሽ ማግኘት። ከገዳዮቹ አንዱ የሆነው ብሩቱስ በ42 ዓመተ ዓለም የዩልዮስ ቄሣርን መገደል ለማስታወስ ያስመታው ነው፤ እውነተኛው እጅግ ብርቅ ነው። ገበያ ላይ የምታዩት ቅጂ ነው ብላችሁ ጀምሩ።

ምስሉ መሐል ላይ ስላልሆነ ሐሰተኛ ነው ማለት። በእጅ ሲመታ ይንሸራተታል። እንዲያውም ፍጹም ክብና ፍጹም መሐል የሆነውን ነው ሁለቴ ማየት።

ሕጉ

ኢትዮጵያ ውስጥ ስትቆፍሩ ወይም ስታርሱ ጥንታዊ ሳንቲም ካገኛችሁ፣ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) መሠረት ወዲያውኑ ለቅርስ ባለሥልጣን ማሳወቅ ግዴታ ነው። ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም ክልክል ነው። እስራኤል ውስጥ ያላችሁ ደግሞ በ1978ቱ የቅርስ ሕግ መሠረት የተገኘ ቅርስ የመንግሥት ነው፤ በ15 ቀን ውስጥ ለቅርስ ባለሥልጣኑ ይነገራል። መሬት ላይ ያያችሁትን ሳንቲም ከማንሳታችሁ በፊት ባለበት ፎቶ አንሱት፣ ቦታውንም ስልካችሁ ላይ ምልክት አድርጉ። ባለሙያው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ከየት ጥልቀትና ከምን ጋር እንደተገኘ ነው።